ከሱባኤ የተመለሰ ሰው ምን ይዞ ይመጣል?

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ከከተማው ወጣት ብዙው የዓመት ፈቃዱን ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቆሎና በሶውን ቋጥሮ ወደ ገዳም ይወጣል። ተማሪውም ክረምት ነውና ደብተሩን ዘግቶ ይከተላል። የፍልሰታን ጾም እየጾመ፣ እየሰገደ፣ ኪዳን እያደረሰ፣ ቅዳሴ እያስቀደሰ ሁለት ሳምንት ይሰነብታል። በረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት ለኢዕቲካፍ መስጊድ የሚገባው ወጣትም ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እኛም ልንነቅፈው አልተነሣንም። ከውካታና ከወሬ ተለይቶ ጥቂት ቀን ከፈጣሪው ጋር መነጋገር የማያስፈልገው ሰው የለም። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከሱባኤ የተመለሰ ሰው ምን ይዞ ይመጣል?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን አንድ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ያየነው ነገር ነው። ከገዳም በተመለሰ በማግሥቱ አንድ ወጣት ጸሐፊ ከወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ በጾም ከስቷል፣ አነጋገሩም ለስልሷል፤ ለባልደረቦቹ ያመጣውን ጠበልና እምነት ያድላል። ከፊቱ አንዲት አሮጊት የሟች ባላቸውን የጡረታ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ወረቀቱ የጐደለው አንድ ፊርማ ነበር፤ ፈራሚውም ራሱ ጸሐፊው ነው። «እማማ፣ ዛሬ አይሆንም፤ የሰኞ ሳምንት ይመለሱ» አላቸው። ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ እንዲያውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው ያሰናበታቸው። ነገር ግን አሮጊቷ ለዚያው ፊርማ ሲመላለሱ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ስግደትና ያ ሁሉ ጸሎት በገዳሙና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ የት ጠፍቶ ቀረ?

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት በስኮትላንድ አገር አንድ ቄስ በዚሁ ጥያቄ እንቅልፍ አጥተው ነበር። እርሳቸው የሰጡት መልስ ዛሬም በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ቆሞ ስለሚታይ ለወጣቱ አንባቢያችን ብንተርከው ይጠቅማል እንላለን። የቄሱ ስም ጆርጅ ማክላውድ፣ የደሴቲቱም ስም አዮና ነው። ስለ እርሳቸውና ስለ ደሴቲቱ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማክላውድ በ1895 ከታወቀ የቀሳውስት ቤተ ሰብ ተወለዱ፤ ከእንግሊዝ ባለጸጎች ልጆች ጋር በዊንቸስተር፣ በኋላም በኦክስፎርድ ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመኰንንነት ተሰልፈው ስለ ጀግንነታቸው ከአገራቸውም ከፈረንሳይም የጦር ሜዳ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ቄስ ሆነው በኤዲንብራ ከተማ ባለ ሀብቶች በሚሰበሰቡበት ደብር ሲያገለግሉ ስብከታቸውን ለመስማት የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነበር። ነገር ግን በ1930 ይህን የተደላደለ ስፍራ ትተው ግላስጎው ውስጥ ጐቫን ወደምትባለው የመርከብ ሠሪዎች ሠፈር ሄዱ።

ጊዜው የዓለም ንግድ የወደቀበት ጊዜ ነበር። በ1933 መጀመሪያ በብሪታንያ በሥራ ፈትነት የተመዘገበው ሰው ቍጥር ወደ 3 ሚሊዮን ቀርቦ ነበር። የመርከብ መሥሪያዎቹ መዶሻ ጸጥ ስላለ፣ በእጁ ሙያ ያለው አናጢና ግንበኛ ሁሉ እጁን በኪሱ ከቶ ከመንገድ ዳር ይቆም ጀመር። ቄሱ ሌት ተቀን ሠሩ፤ ድኻ ጐበኙ፣ ሰበኩ፣ ለመኑ። በመጨረሻም ጉልበታቸው አለቀና ታመሙ። በ1933 ለዕረፍት ወደ ኢየሩሳሌም ተጉዘው ሳለ የፋሲካን በዓል ከኦርቶዶክሳውያን ጋር አከበሩ። ጸሎት የአንድ ሰው ትጋት ብቻ ሳይሆን የመላው ማኅበር እስትንፋስ መሆኑን በዚያ እንደ ተረዱት ይነገራል። እኛም ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት እናገኛለን። ለድኻ መሮጥ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምንጭ የሌለው ወንዝ በጋ ሲመጣ ይደርቃል።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይበልጣል። በ1938 ማክላውድ የጐቫንን ደብር ለቀው ወደ አዮና ተሻገሩ። አዮና ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ያለች፣ ርዝመቷ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደሴት ናት። ቅዱስ ኮሎምባ በ563 ከአየርላንድ ተሻግሮ ገዳም የመሠረተባት ስፍራ ናት። በኋላ ዘመን በ1200 ገደማ የተሠራው የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም በ16ኛው መቶ ዓመት ከሆነው የሃይማኖት ለውጥ በኋላ ፈርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታድሶ ነበር፤ መነኮሳቱ ይበሉበትና ያድሩበት የነበረው ቤት ግን ጣራው የወደቀ፣ ግድግዳው የተናደ እንደ ሆነ ቀርቷል። ማክላውድ ይህን ፍርስራሽ መልሶ ለመሥራት ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይዘው ሄዱ። ግማሾቹ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣት ቀሳውስት ሲሆኑ፣ የቀሩት ሥራ ያጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ።

አሁን አንባቢያችን ልብ እንዲለው የምንፈልገው የሥራውን አከፋፈል ነው። በደሴቲቱ ላይ አዛዡ ግንበኛው ነበር፤ ድንጋይ አቀባዩና ጭቃ አቡኪው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ቄስ ነበር። ዲግሪ የያዘው ወጣት ድንጋይ በየት በኩል እንደሚጠረብ አያውቅምና እጁ እየቈሰለ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ ካልተማረው ሰው ተማረ። በአንድ ገበታ በሉ፣ በአንድ ጊዜ ጸለዩ። ክረምቱ ሲገባ ወጣቶቹ ቀሳውስት ለአገልግሎት ወደ ኢንዱስትሪ ከተሞቹ ድኻ ሠፈሮች ይላኩ ነበር። ሥራው ጦርነት ሳያቋርጠው፣ የገንዘብ ችግር ሳይገታው 27 ዓመት ፈጅቶ በ1965 ተፈጸመ።

የሕንጻው መታደስ መልካም ነው፤ የበለጠው ነገር ግን የሰው መታደስ ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» የሚለው ተረታችን እውነት ከሆነ፣ የአዮና ወጣት ድኻን የሚረዳበትን መንገድ በመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት በትከሻው ተሸክሞ አውቆታል። ፍትሕ የሚጀምረው እረዳዋለሁ ብለን ከምናስበው ሰው አንድ ነገር መማር ስንችል ነው። ከዚያ በፊት የምንሰጠው ሁሉ ምጽዋት ይሆናል እንጂ ፍትሕ አይባልም።

ዛሬ አዮና የሱባኤ ቦታ ናት። ከልዩ ልዩ አገርና ከልዩ ልዩ ሃይማኖት የሚመጡ እንግዶች ለአንድ ሳምንት ያህል እየገቡ ይሰነብታሉ። ጠዋትና ማታ ጸሎት አለ። በመካከሉም ስለ ድኽነት፣ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ይወያያሉ። ማኅበሩ በጎረቤቷ በመል ደሴት ላይ ካማስ በሚባል ስፍራም የከተማ ወጣቶችን ሲቀበል ቆይቷል። እንግዳ ሁሉ የሥራ ድርሻ አለው። ዳኛም ቢሆን ተማሪ ድንች ይልጣል፣ ሳሕን ያጥባል፣ ወለል ይጠርጋል፣ መጸዳጃ ቤትም ያጸዳል። የጠዋቱ ጸሎት ሲያበቃ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም፤ እንደ ቆመ ወደ ሥራው ይወጣል። ይህም ሥራው የጸሎቱ ተከታይ ክፍል እንደ ሆነ ለማሳየት ነው።

የማኅበሩ አባላት በደሴቲቱ ላይ የሚኖሩ መነኮሳት አይደሉም። ባለትዳሮችና ሠራተኞች ሆነው በየከተማው ተበትነው የሚኖሩ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ደንብ ያስተሳስራቸዋል። በየቀኑ መጸለይና መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ ስለ ገንዘብ አጠቃቀም መተሳሰብ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም መተሳሰብ፣ ለፍትሕና ለሰላም መሥራት፣ እየተገናኙም እርስ በርስ መጠያየቅ ነው። በየአካባቢያቸው በትንንሽ ቡድን ይሰበሰቡና ገንዘባቸውን በምን እንዳዋሉት፣ ጊዜያቸውንም እንዴት እንዳሳለፉት ለጓደኞቻቸው ይናገራሉ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቀላል ነገር አይምሰልህ። ኃጢአቱን ለንስሓ አባቱ ለመናገር የሚደፍር ብዙ ነው፤ የደመወዙን አወጣጥ ለባልንጀራው ለመናገር የሚደፍር ግን ጥቂት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው «ሃይማኖት ለነፍስ ነው፤ ፍትሕ የመንግሥት ጉዳይ ስለ ሆነ አይቀላቀል» የሚል ነው። ማክላውድንም ነቃፊዎቻቸው እኩሌታውን መንገድ ወደ ሮማ፣ እኩሌታውን ወደ ሞስኮ ሄደዋል እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። ይኸው የተፌዘባቸው ሰው ግን በ1957 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ። እኛም መልሳችን አጭር ነው። መንግሥት የሚባለው በሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር አይደለም፤ በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የዚያ ሰው ነፍስ ከታመመ ፍትሑም ይታመማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሱባኤ ከኑሮ መሸሽ ነው፤ ጠግቦ ለሚያድር ሰው መዝናኛ ነው፤ ሕግና ባጀት እንጂ ጸሎት ድኻን አያጠግብም» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ አንሸሽገውም። የአዮና ማኅበር የጐቫንን ሥራ ፈትነት አላጠፋም። የመርከብ መሥሪያዎቹ የበረቱት ጦርነቱ ሲቃረብ ነው፤ በኋላም እንደገና ተዳክመዋል። ማኅበሩ ራሱም ቢሆን ፍትሕን እየሰበከ ሴቶችን በሙሉ አባልነት መቀበል የጀመረው በ1969፣ ከተመሠረተ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ሱባኤ የሕግና የባጀት ምትክ አይደለም። ነገር ግን ሕግን የሚጽፈው፣ ባጀትን የሚከፍለው፣ ፊርማን የሚያኖረው ሰው ነው። ያንን ሰው ሕግ ብቻውን አያነቃውም። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት የፈጠርን ሕዝብ የሕግ መጽሐፍ አጥተን አይደለም፤ የጐደለን በሹመት ወንበር ላይ የሚነቃ ኅሊና ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር ትምህርቱን ከስኮትላንድ ብቻ እንዋስ ማለታችን አይደለም። ኮሎምባ በአዮና ገዳሙን በመሠረተበት በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊም በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ገዳማቸውን መሥርተው ነበር። በእኛም የአንድነት ገዳማት ውስጥ መነኵሴው በጋራ ይሠራል፣ በጋራ ይበላል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ እህል ይፈጫል። ከትልቅ ቤት የመጣውም ከድኻ ቤት የመጣውም ለአበምኔቱ እኩል ይታዘዛል። ዳሩ ግን ለሱባኤ ከከተማ የምንሄደው እኛ የገዳሙን ጸሎት ወስደን የገዳሙን ሥራ ትተን እንመለሳለን። መነኵሴው የቀዳውን ውኃ ጠጥተን፣ የጋገረውን ዳቦ በልተን፣ በረከት ተቀበልን ብለን ወደ ከተማ እንወርዳለን። በረከቱ ከእንስራው በታች ትከሻን ማስገባት እንደ ነበረ አላስተዋልንም።

ስለዚህ ለመጪው ክረምት ለሚዘጋጀው ወጣት የምንለው ጥቂት ነው። ወደ ገዳም ስትሄድ ለጸሎት የሚሆን ልብ ብቻ ሳይሆን ለሥራ የሚሆን እጅም ይዘህ ሂድ፤ እንስራውን ተሸከም፣ መጥረጊያውን ያዝ፣ የገዳሙን ገበሬ ስለ ኑሮው ጠይቀህ አድምጠው። ከተመለስህ በኋላም ከሦስት ወይም ከአራት ጓደኞችህ ጋር በየወሩ ተገናኝ፤ በደመወዛችሁ ምን እንዳደረጋችሁበት፣ በሥራ ሰዓታችሁ ማንን እንዳስተናገዳችሁና ማንን እንዳመላለሳችሁ ተጠያየቁ። መወቃቀስ እንዳይመስላችሁ፤ ባልንጀራ ለባልንጀራው መስተዋት መሆኑ ነው። የመንፈሳዊ ማኅበራት መሪዎችም የሱባኤውን መርሐ ግብር ሲያወጡ ከስብከቱና ከመዝሙሩ ጐን የእጅ ሥራ ሰዓትና የውይይት ሰዓት ቢጨምሩበት ገንዘብ አያስወጣቸውም።

ማክላውድ በ96 ዓመታቸው በ1991 ዐረፉ። የመሠረቱት ማኅበር ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከጸሎት ቤት ወደ ሳሕን ማጠቢያው ይወጣል። እኛም ከሱባኤ የተመለሰውን ሰው የምንመዝነው በፊቱ መክሳት ወይም ባመጣው ጠበል ብዛት አይደለም። ከተመለሰ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ወደ ጠረጴዛው እንመለከታለን። አሮጊቷ ወረቀታቸውን ይዘው አሁንም እዚያው ቆመዋል። ብዕሩም በእጁ ነው።