ጋምቢቱን ለሚያውቀው ፍቀዱለት

ብዙ የቼዝ አሰልጣኞች ተማሪዎቻቸው ነጭ ይዘው ባልተጠበቀ ጋምቢት እንዳይከፍቱ ይከለክላሉ። ወታደርን በፈቃድ ማስበላት አቋራጭ ፍለጋ ነው፣ የተዘጋጀ ተጋጣሚ ይቀጣዋል ይላሉ። የዝግጅት ክፍላችን ክልከላው ይነሳ ይላል፤ በአንድ ጥብቅ ግዴታ።

ለክልከላው ምስክር ሆኖ የሚጠራው ቦቢ ፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአርጀንቲናዋ ማር ዴል ፕላታ ቦሪስ ስፓስኪ የንጉሥ ጋምቢት ከፈተበት። የ17 ዓመቱ ፊሸር ወታደሩን በላ፣ የተሻለ ቦታም ያዘ፤ በ29ኛው እርምጃ ግን ተሸነፈ። በዓመቱ ይህ ጋምቢት የትም አያደርስም፣ ነጭን ለሽንፈት ይዳርጋል የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ከልካዮቹ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ፊሸር ግን አላቆመም። በ1963 በአሜሪካ ሻምፒዮና ያንኑ ጋምቢት ራሱ ከፍቶ አሸነፈ፤ በ1968 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቪንኮቭቺ ላይ ሁለት ጊዜ ደገመው፣ ሁለቱንም አሸነፈ። በሦስተኛው እርምጃ ፈረሱን በማውጣት ፈንታ ቢሾፑን ያወጣ ነበር። ጽሑፉ ያፈረሰው የፈረሱን መንገድ ነበርና፣ የጋምቢቱን ድክመት ከማንም በላይ ያጠናው ሰው ድክመቱ የሌለበትን በር ያውቅ ነበር። ለእኛ ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሪጋ ላይ በታል መታሰቢያ ውድድር ጋሪ ካስፓሮቭ ቪስዋናታን አናንድን የገጠመበት መንገድም ይህንኑ ያሳያል። ሁለቱ በዚያው ዓመት ለዓለም ሻምፒዮናነት ሊፋለሙ ነበር። ካስፓሮቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገነነውን፣ በታላላቅ ተጫዋቾች ዘንድ ግን የተረሳ ያህል የነበረውን የኢቫንስ ጋምቢት አወጣ። በዚህ ጋምቢት ነጭ በአራተኛው እርምጃ የጥቁርን ቢሾፕ በወታደር ያባብላል፤ ቢሾፑ ወታደሩን ሲበላ ነጭ ሌላ ወታደር ገፍቶ ያባርረዋል፣ እሱ ሲሸሽ ደግሞ መሐል ሜዳውን ይይዛል። አናንድ በጥንቃቄ መለሰ፤ ቢሾፑን ወደ ኋላ ስቦ በፈረሱ የነጭን ቢሾፕ ነካ። እዚህ ላይ ካስፓሮቭ ለጥቃት አልተጣደፈም፤ በሰባተኛው እርምጃ የራሱን ቢሾፕ ወደ ኋላ መለሰ። እንዲህ ያለ እርጋታ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ካልተዘጋጁ አይመጣም። ጨዋታው በ25 እርምጃ በካስፓሮቭ ድል አለቀ።

ያልተጠበቀ መክፈቻ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ወረራ የሚባል የመክፈቻ ወቅት ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። አባቶቻችን ዓይናቸውን ከተጋጣሚያቸው እጅ ሳይነቅሉ ያላሰቡትን መመከት የተማሩት እዚያ ነው።

አሰልጣኞቹ የሚሰጉበት ነገር እውነት አለው። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ከአጫጭር ቪዲዮዎች የሚለቅሙት ወጥመዱን ብቻ ነው። ሃሎዊን በሚባለው ጋምቢት ነጭ በአራተኛው እርምጃ ፈረሱን በአንድ ወታደር ይለውጣል። ያላየውን ያስደነግጣል፤ ጥቁር ተረጋግቶ ፈረሱን ከበላና ሲያስፈልግ ጠጠር መመለስ ካወቀበት ግን ነጭ ባዶ እጁን ይቀራል። የንጉሥ ጋምቢትም ቢሆን የነጭን ንጉሥ ያጋልጣል፤ የዛሬ ኮምፒውተሮች በዚህ መክፈቻ ለጥቁር ያደላሉ። ድንገተኛነት የተጋጣሚን ሰዓት ይበላል እንጂ የጠፋውን ወታደር አይመልስም።

ስለዚህ ግዴታው ይህ ይሁን። ከውድድር በፊት ተማሪው ከአሰልጣኙ ፊት ይቀመጥ። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ወታደሩን አልበላም ይበለው፤ ሌላ ጊዜ በልቶ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይመልስለት። ከባዱ ፈተና ይህኛው ነው፤ ጥቃቱ ቀዝቅዞ፣ ጠጠሩ እኩል ሆኖ፣ ተራ ጨዋታ ሲቀር ነጭ ምን ያስባል? ተማሪው ዕቅዱን በቃሉ ካስረዳና ቦርዱ ላይ ካሳየ፣ አሰልጣኙ ጋምቢቱን በይፋ ውድድር እንዲከፍት ይፍቀድለት፤ ቢሸነፍም ጨዋታውን አብሮት ይመርምር እንጂ ክልከላውን አይመልስ።