አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ቮልስዋገን በጀርመን እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ከ35 ሺህ በላይ የሥራ መደቦችን ያጠፋል። ኩባንያውና አይጂ ሜታል የተባለው የሠራተኞች ማኅበር በዲሴምበር 2024 የተስማሙት በዚህ ነው። "በግዳጅ የሚባረር የለም" ተባለና ብዙዎች አጨበጨቡ።

እስኪ ቆም ብለን እንየው። የዛሬው ሠራተኛ ካሳ ተቀብሎ ወይም ጡረታ ወጥቶ ይሄዳል፤ መደቡም አብሮት ይሄዳል። በየዓመቱ 1,400 ወጣቶችን ለሙያ ሥልጠና ይቀበል የነበረው ኩባንያ ከ2026 ጀምሮ የሚቀበለው 600 ብቻ ነው። የተባረረው አባት ሳይሆን ገና ያልተቀጠረው ልጅ ነው። እሱ ደግሞ በድርድሩ ወንበር አልነበረውም።

ችግር የለም የሚል የለም። የቻይና ገበያ ከድቷቸዋል፤ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መሸጋገሩም ውድ ነው። ግን ለዚህ ያበቃው ማነው? በ2015 የተጋለጠው የናፍጣ ሞተር ማጭበርበር 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ነክቶ ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አስወጥቷል። ያን ሶፍትዌር ያዘዘው ቮልፍስቡርግ ላይ ብሎን የሚያጠብቀው ሠራተኛ ነበር እንዴ?

በ2024 ለባለአክሲዮኖች 4.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሲከፋፈል "ገንዘብ የለም" ያለ አልነበረም። ወራት ሳይቆይ፣ በሴፕቴምበር፣ ከ1994 ጀምሮ የቆየው የሥራ ዋስትና ስምምነት ፈረሰ። 100 ሺህ ያህል ሠራተኛ ሥራ አቁሞ አደባባይ የወጣው ወዶ አይደለም።

ትርፍ ሲመጣ የባለአክሲዮን፣ ዕዳ ሲመጣ የሠራተኛ! ይህን "መልሶ ማዋቀር" ብሎ መጥራት ስሙን ማሳመር እንጂ ሌላ አይደለም።