የሰዓታችን ሚዛን

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅት የምንሠራ ወገኖች የምንሸጠው ሰዓታችንን ነው። ድርጅቱ ደንበኛውን የሚያስከፍለው ዓርብ ዓርብ በምንሞላው ታይምሺት ነው። ለደንበኛ ያልተመዘገበ ሰዓት ገቢ አያመጣም፤ ፕሮጀክት አልቆ ሌላ እስኪገኝ ስንጠብቅም ከሥራ የመቀነስ ፍርሃት ይይዘናል።

ፈተናው ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ 5 ሰዓት የፈጀውን ሥራ 8 ብሎ መጻፍ። “ሁሉም ያደርገዋል” እያልን እኛም ጽፈናል። ነገር ግን ምሳሌ 11፥1 ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚናገረው ለእህልና ለቅቤ ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ታይምሺትም ሚዛን ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት 5ቱን 5 ብለን እንጻፍ። አለቃችን የቀረው ሰዓት ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ቢጠይቀን እውነቱን እንንገረው። ዋጋ ሊያስከፍለን ይችላል። ቢሆንም እንጀራችንን የሚሰጠን ጌታ እንጂ የተጋነነ ሰዓት አይደለም።