የኪራይ ጭማሪ የታመመ ሕንጻ አያድንም

ገቢው የቀነሰ የኪራይ አፓርታማ የሚያገግመው ኪራይ ሲጨመርበት ነው የሚለው አስተያየት ባዶዎቹን ቤቶች ከሒሳቡ ውጭ ትቷቸዋል። 20 ቤቶች ኖረውት 5ቱ ባዶ የሆኑበት ሕንጻ ይታሰብ። አንዱ ቤት በ15,000 ብር ቢከራይ የወር ገቢው 225,000 ብር ነው። በ10 በመቶ ጭማሪ ሰበብ ሁለት ተከራዮች ቢለቁ ገቢው ወደ 214,500 ብር ይወርዳል። ጭማሪው ቀርቶ ከባዶዎቹ ሦስቱ ቢያዙ ግን 270,000 ብር ይደርሳል።

አዲስ አበባ ላይ ኪራይ ጨምሩ የሚለው ምክር ከሕግም ጋር ይጋጫል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጭማሪን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ብቻ ይፈቅዳል።

ተከራይን ከሚያባርሩት ነገሮች አንዱ የውሃ ችግር ነው። ፓምፑ ሲበላሽ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ከተሰበረ ደግሞ በስንት ጥበቃ በፈረቃ የመጣ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያድራል። ይህን ዕቃ መቀየር ከአንድ ባዶ ቤት የወር ኪራይ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው፤ እያወቁ ችላ ማለት ግን በነዋሪው ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ብዙ ቤቶችን በአንድ የውሃ ቆጣሪ ማገናኘትም በየወሩ ጠብ ይጭራል። ለየቤቱ ቆጣሪ ሲገጠም እያንዳንዱ የተጠቀመበትን ይከፍላል፤ የሚያፈሰው ቧንቧ በየትኛው ቤት እንዳለም ቶሎ ይታወቃል።