ሰው የሚዋጋ አውራ ዶሮ ለዘር አይቀመጥም

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኃይለኛ አውራ ዶሮ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ የልጅ ዓይን ያጠፋል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙው ቤት ዶሮ ያረባል። የእንቁላሉ ገንዘብ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለልጆች ደብተር ይሆናል። ዶሮዎቹን የምትጠብቀው ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። በአንዳንድ ቤት ግን አውራው ሰው ይዋጋል። እመቤቲቱ ጥሬ ልትበትን ስትወጣ ከኋላዋ ይዘላል። ውሃ ቀድታ የምትገባዋን ልጅ እግሯን ይቧጭራል። ባልየውስ ምን ይላል? «ተዉት፣ ጎበዝ ነው! ጭልፊት ያባርርልናል» ይላል።

እውነት ነው፣ ጥሩ አውራ መንጋውን ይጠብቃል። ጭልፊት ሲያይ ይጮኻል። ጥሬ ሲያገኝ እንስቶቹን ይጠራል። ይህን ለማድረግ ግን ሰው መዋጋት አያስፈልገውም። ሰው ሳይነካ መንጋውን የሚጠብቅ አውራ ሞልቷል።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ። እንዲህ ያለውን አውራ ገበያ አውጥቼ ጠባዩን ሳልናገር ሸጥሁ። ቀይነቱን፣ ውፍረቱን ብቻ አሞገስሁ። የገዛችኝ አንዲት እናት ነበረች። ከሳምንት በኋላ በዚያው ገበያ ልጇን አዝላ አገኘኋት። ልጁ ከቅንድቡ በላይ ቆስሏል። ዓይኑ የተረፈው ለጥቂት ነው። ሴትዮዋ አልሰደበችኝም። «ምነው ወንድሜ፣ ብትነግረኝ ምን ነበር?» ብቻ አለችኝ። ያን ቀን የተቀበልሁት ብር ዛሬም ይቆጨኛል።

አውራ ዶሮ ሰው የሚዋጋው ለምንድን ነው? ዶሮዎች በመካከላቸው ማዕረግ አላቸው። ማን ማንን እንደሚቀድም በመነቃቆር ይለያሉ። ይህንን አንድ የኖርዌይ አገር ተመራማሪ ከመቶ ዓመት በፊት አጥንቶ ጽፎታል። ኃይለኛው አውራ ሰውንም እንደ ሌላ አውራ ይቆጥረዋል። ልጆች በእርግጫና በድንጋይ ሲነካኩት ጠቡ ይብሳል። የሸሸለትን ሰው ያሸነፈው ይመስለዋል። በማግስቱ ደፍሮ ይመጣል። አውራ ሲበዛም ጠብ ይበዛል። ለ10 እንስት አንድ አውራ ይበቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አትምቱት፤ አትሽሹለትም። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ሕፃናትን ከእሱ ጋር ብቻቸውን አትተዉ።

ሁለተኛ፣ ጠባዩ ካልታረመ አስራችሁ አቆዩትና ለበዓል እረዱት። ለዶሮ ወጥ ከአውራ የሚሻል የለም!

ሦስተኛ፣ ዘሩን አታስቀሩ። ኃይለኝነት ከአባት ወደ ጫጩት ይተላለፋል። እንስቷ የአውራውን ዘር በሆዷ ይዛ ትቆያለች። ስለዚህ እሱ ከታረደ በኋላ እስከ 3 ሳምንት ድረስ የምትጥለው እንቁላል የእሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ያንን እንቁላል ብሉት። ከዚያ በኋላ ከጭምት አውራ የተገኘውን አስታቅፉ። አውራ ባይኖርም እንስቶቹ እንቁላል መጣል አያቆሙም። የማይፈለፈል ይሆናል እንጂ ለመብል ምንም አይጎድለውም።

አራተኛ፣ አውራው ሰው ካቆሰለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ዶሮ በሚጭረው አፈር ውስጥ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣ ተሐዋሲ ይገኛል። ስለዚህ የቆሰለው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዓይን ከተነካ ደግሞ ምንም ነገር አትጨምሩበት፤ ፈጥናችሁ ውሰዱት።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እኛ የፈራነውን አውራ ለሌላ ሰው ደጅ አንሽጥ። የጎረቤት ልጅ ዓይን ከልጃችን ዓይን አያንስም። ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች ይባላል። ይህም አውራ ካራውን ያወጣው ራሱ ነው። እኛ ግን በሰው ልጅ አንፍረድ።

ይህን ያነበበ ሰው ላላነበበ ጎረቤቱ ያንብብለት።