የኦሞ ጀልባና የካሞያ ዓይን

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ጓደኛውን፣ «ትልቅ ዲግሪ የሌለው ሰው ምን ቁም ነገር ይሠራል?» ሲለው ሰማሁ። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም እንዲህ ብለው አዝነው እንደ ሆነ የሚከተለውን ታሪክ ያንብቡ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ከፈረንሳይ፣ ከአሜሪካና ከኬንያ የተውጣጡ የጥንት አጥንት ፈላጊዎች ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ወረዱ። የኬንያውን ቡድን የመራው ሪቻርድ ሊኪ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ኦሞን ለመሻገር ጀልባ ያስፈልጋል፤ ወንዙ ደግሞ አዞ የሞላበት ነው። አንድ ቀን ሰዎቹ በእንጨት ጀልባ ሲሻገሩ አዞዎች አደጋ ጣሉባቸውና ጀልባዋን ሰባበሯት፤ ተሳፋሪዎቹም በጭንቅ ነፍሳቸውን አተረፉ። ሊኪ ግን አልተመለሰም። በሬዲዮ መልእክት ልኮ የአሉሚኒየም ጀልባ አስመጣና ሥራው ቀጠለ።

ከቡድኑ መካከል ካሞያ ኪሜው የሚባል ኬንያዊ ነበር። ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ወደዚህ ሥራ የገባውም በ1960 ዓ.ም. በጉልበት ሠራተኛነት ነው። ነገር ግን ከጠጠር መካከል የአጥንት ስባሪ የሚለይ ዓይን ነበረው። ይኸው ሰው ኪቢሽ በተባለው ስፍራ የጥንት ሰው አጥንት አገኘ፤ ቦታውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የአጥንቱ ዕድሜ በመጀመሪያ 130,000 ዓመት ተብሎ ተገመተ። በ2005 ዓ.ም. ወደ 195,000 ከፍ አለ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ሊቃውንት ከአጥንቱ በላይ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ መርምረው ቢያንስ 230,000 ዓመት መሆኑን አስታወቁ። እንግዲህ እንደ እኛ ያለ ሰው በዚህች ምድር ላይ መኖሩን ከሚመሰክሩት እጅግ ጥንታውያን አጥንቶች አንዱ ይህ ነው።

ዕድሜውን ያሰሉት ባለ ዲግሪዎች ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ካሞያ ጎንበስ ብሎ ባያነሣው ምኑን ባሰሉት ነበር? ካሞያ በ1985 ዓ.ም. ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከሬገን እጅ ሜዳልያ ተቀበለ፤ በ2022 ዓ.ም. ዐረፈ።

አጥንቱ ዛሬ አምስት ኪሎ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል። ከቦሌ ሩቅ አይደለም። በሚመጣው እሑድ ያን ወዳጅዎን ይዘው ወደዚያ ብቅ ይበሉ፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ፋይልዎ ሲመለሱም፣ በትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ በትጋት የሚያይ ዓይን ትልቅ ነገር ሊያገኝ እንደሚችል ያስታውሱ።