አበባ መሳል ሽሽት ነው?

በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ በሯን ስትዘጋ እንግሊዛዊው ሰዓሊ ዴቪድ ሆክኒ ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ነበር። ዕድሜው 82። አይፓዱን ይዞ የግቢውን ዛፎች ሲያብቡ ይስል ነበር። በዓመቱ 116 ሥዕሎቹ ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ለእይታ ቀረቡ።

«ሰው እየረገፈ አበባ መሳል ሽሽት አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ያኔ ብጠየቅ እንደዚያ እል ነበር። ሥራዬ የጤና ሚኒስቴርን የዕለት ቁጥር መዘገብ ነበር፤ ስንት ተያዘ፣ ስንት አገገመ፣ ስንት ሞተ። ዛሬ ከእነዚያ ቁጥሮች አንዱንም አላስታውስም። መስኮቴ ሥር ያለው ዛፍ ያን ዓመት ማበቡንም አላውቅም።

ሰውየው ሞትን አልካደም፤ የዛሬው ቀን ከትናንቱ እንደሚለይ እያየ መዘገበ እንጂ። እኛ ጋዜጠኞችስ ከዚያ ዓመት ምን አስቀረን? ቁጥሩ መዝገብ ላይ አለ፤ ቀኑ ግን የለም።